የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን የዳኑብን መነሻና መድረሻ አጥንቶ ፈተና ያለፈ ብዙ ነው። ቤሬሳ ወዴት እንደሚፈስ ብንጠየቅ ግን የምንመልስ ስንቶቻችን ነን? ዛሬ የሰሜን ሸዋን ካርታ በፊታችሁ የዘረጋነው ስለዚህ ነው።

ካርታው በ1:50,000 መስፈርት የተሠራ ስለ ሆነ 1 ሣንቲ ሜትር በምድር ላይ 500 ሜትር ነው። ቡናማዎቹ መስመሮች ከፍታን፥ ሰማያዊዎቹ ውሃን ያመለክታሉ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ቡናማዎቹ ተራርቀዋል፤ ምድሩ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሜዳ ነውና። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ወደ ነበረችው ወደ አንኮበር ሲቃረቡ ግን መስመሮቹ ሊነካኩ እስኪደርሱ ይጠጋጋሉ። አፋፉ ይህ ነው።

በዚህ አፋፍ አናት የወረደ ዝናብ በጎጆ ክዳን ላይ እንደ ወረደ ሁሉ ግራና ቀኝ ይከፈላል። የምዕራቡ በቤሬሳ ወደ ጀማ፥ ከጀማ ወደ ዓባይ ገብቶ ሜዲቴራንያን ባሕር ይደርሳል። የምሥራቁ ቆላውን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር፥ በጂቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል።

ይሁን እንጂ በአናቱ ላይ ካሉት ሰማያዊ መስመሮች ብዙዎቹ የተቆራረጡ ናቸው። ይኸውም በክረምት ፈሰው በበጋ ይደርቃሉ ማለት ነው። ለሁለት ታላላቅ ወንዞች ውሃ የሚሰጠው ባላገር ራሱ በግንቦት ይጠማል። ምንጩ ከመንደሩ በካርታ 2 ሣንቲ ሜትር ቢርቅ፥ እኛ «1 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው» እንላለን። በመካከሉ 20 ሜትር፥ 20 ሜትር የሚለያዩ 10 ቡናማ መስመሮች ቢኖሩ ግን፥ እንስራ ያዘለችው እናት 200 ሜትር ሽቅብ ትወጣለች። እነዚያን መስመሮች ሳይቆጥር የውሃ ጉድጓድ ወይም ቦኖ የሚሠራበትን ቦታ የሚመርስ ሰው፥ ድካሟን ሳያውቅ ይፈርድባታል።

ካርታው የተነሣው ከአየር ፎቶግራፍ ነው፤ የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ፥ የትኛው ቦረቦር እንደ ሰፋ የሚያውቀው ግን ገበሬው ነው። ስለዚህ ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን የቀበሌያችንን ካርታ ይዘን፥ ሽማግሌዎችንና ውሃ ቀጂዎችን ጠይቀን፥ የደረቀውንና ያልደረቀውን ምልክት አድርገን እንድንመለስ እናሳስባለን። እርከኑም ሆነ የምንጩ አጥር ከየት መጀመር እንዳለበት በዚያ ይታወቃል።