የፍራፍሬ ሽታ ያለው የውሃ ነፍሳት

(የጠርሙስ ክዳን ሲከፈት፣ ጋዙ ሲንሿሿ ይሰማል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ለስላሳ የጃፓን ነው። ታኬኦ የተባለ የቶኪዮ ኩባንያ የሚሸጠው ታጋሜ ሳይደር፣ መዓዛውን የሚያገኘው በሩዝ ማሳና በኩሬ ከሚኖር፣ ታጋሜ ከሚባል ትልቅ የውሃ ነፍሳት ነው።

ፊታችሁን ከማጨማደዳችሁ በፊት ሽታውን ልንገራችሁ፤ ፒር ወይም አረንጓዴ አፕል ይመስላል። ምንጩ ወንዱ ነው። ሴቷን ለመሳብ ከእጢው የሚያወጣው ፈሳሽ ኤስተር የተባሉ ውህዶች አሉት፤ የፍራፍሬን መዓዛ የሚሰጡትም የዚሁ ዓይነት ውህዶች ናቸው። አፍንጫችን የሚለየው ውህዱን እንጂ ከማን እንደመጣ አይደለም። ይህ በጣም ያስደንቀኛል!

ታይላንዳውያን ይህን መዓዛ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። ሌሊት ከፍ ባለ እንጨት ላይ መብራት ሰቅለው፣ ወደ ብርሃኑ የሚበሩትን ነፍሳት ይይዛሉ። ከዚያ ከቃሪያ ጋር ወቅጠው እንደ ዳጣ ያለ ማባያ ይሠሩበታል። በመዓዛው የተነሳ ወንዱ ይበልጥ ይፈለጋል።

የጃፓኑ ታጋሜ ግን የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። ረግረጉ እየጠፋ፣ ፀረ ተባይ ኬሚካል እየበዛ ቁጥሩ ስለተመናመነ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 መንግሥት ለንግድ መያዙንና መሸጡን ከለከለ። ለመጠጡ የሚውለው ከውጭ የሚገባ ዘመዱ ነው። እገዳው ተገቢ ነው እላለሁ፤ ማሳው ካላገገመ ግን ብቻውን አይበቃም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን አለርጂ የሚቀሰቅስባችሁ ሰዎች፣ ነፍሳት ያለበት ምግብና መጠጥም ሊቀሰቅስባችሁ ስለሚችል ከመቅመሳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።