ትራፊን ስለ መጠበቅ የተነገረ ቃል



ጌታ አምስቱን እንጀራ አበርክቶ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ቍርስራሹን ማስነሣቱ፥ ማበርከት የሚቻለው እንኳ ማባከንን እንደማይወድ ያስረዳል።

ከቤት የተጣለ ነገር ስፍራ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። በአዲስ አበባ፥ ቆሼ በተባለው ስፍራ ለብዙ ዘመን የተከመረው ጥራጊ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም በክምሩ አጠገብ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድኾች ነበሩ።

እንግዲህ የተረፈው እንጀራ ሳይሻግት ድርቆሽ ይሁን፤ የጎመን ገለባና የድንች ልጣጭ በጓሮ ጕድጓድ በስብሶ አፈር ያዳብር፤ ጠርሙስና ቆርቆሮ ከእርጥቡ ተለይቶ ለቁራሌው ይሰጥ። ይህም ልማድ ከዛሬው የኢዮቤልዩ ማዕድ ይጀመር። ደጁን ጠርጎ ጥራጊውን በድኻ ደጅ የሚከምር ንጹሕ አይባልምና።