የሚጣልና የማይጣል ዕቃ፦ ፌስታል በአርሶ አደሩ ቤትና ማሳ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ዓይነቱ በዓል ስለ ምርት፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። የዚህ ንግግር ትኩረት ግን ምርቱ፣ ስንቁና አስቤዛው የሚያዝበት ዕቃ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የበሬን ጤና፣ የማሳን ለምነትና የልጆችን ሕይወት የሚነካ በመሆኑ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የአርሶ አደሩ ቤት ዕቃን ደጋግሞ መጠቀም ያውቅበታል። እህል በስልቻና በአቁማዳ ሲጫን፣ ስንቅ በአገልግል ሲያዝ፣ ወተት በቅል ሲናጥ ኖሯል። ስልቻ ሲቀደድ ይጣፋል እንጂ አይጣልም። ዘመኑ ሲለወጥም ልማዱ አልጠፋም፤ የዘይት ጀሪካን የውኃ መቅጃ፣ ያረጀ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ሆኗል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራም ያገለገለ ቆርቆሮና በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃና ሌላም የቤት ዕቃ ሆኖ ይወጣል።

ይህን ልማድ ያቋረጠው ፌስታል ነው። ፌስታል አንድ ኪሎ ስኳር ከገበያ ቤት እስኪደርስ ያገለግልና ይጣላል። ከዚያ ነፋስ ያነሣዋል፣ በአጥርና በእሾህ ላይ ይሰቀላል፣ በጎርፍም ወደ ማሳ ይገባል። አፈር ውስጥ ሲቀበር ለረጅም ዘመን አይበሰብስም። ውኃ ወደ ታች እንዳይሰርግ፣ የሰብል ሥርም እንደ ልብ እንዳይዘረጋ ያግዳል።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በከብት ላይ ነው። ግጦሽ ሲሳሳ ላምና በሬ የምግብ ወይም የጨው ቅሪት ያለበትን ፌስታል ይበላሉ። ፌስታል በጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፤ አንዱ ከሌላው እየተጠቀለለ ይከማቻል። ከብቱ የጠገበ ይመስላል፤ ነገር ግን መኖው ቦታ እያጣ ሲሄድ ይከሳል፣ ወተት ይቀንሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ በመጨረሻም ሊሞት ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚታወቀው ከብቱ ታርዶ ሲከፈት ነው። የጥማዱ ግማሽ የሄደበት አባወራ መቀናጆ ፍለጋ ይዞራል፤ የእርሻ ወቅት ግን አይጠብቀውም።

ፌስታልን እሳት ማያያዣ ማድረግም መፍትሔ አይደለም። ጭሱ መርዛማ ነው። የሚጎዳውም በመጀመሪያ በምድጃው ዙሪያ የምትውለውን እናትና አጠገቧ ያለውን ሕፃን ነው።

እዚህ ላይ ላስቲክ ሁሉ ጠላት ነው ማለት አይደለም። ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ንብርብር የእህል ከረጢት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለት ውስጠኛ ላስቲኮችና አንድ የተሸመነ የውጭ ጆንያ አለው። በሚገባ የደረቀ እህል ገብቶበት አፉ በየንብርብሩ ጠብቆ ከታሰረ፣ ነቀዙ አየር አጥቶ ያለ ኬሚካል ይሞታል። ውስጠኛው ላስቲክ እስካልተበሳ ድረስም ከአንድ የምርት ዘመን በላይ ያገለግላል። ቀዳዳ መኖሩን ለማወቅ ከረጢቱን በአየር ሞልቶ፣ አፉን ይዞ መጫን ይበቃል። አየር ካወጣ ለእህል ማከማቻ አይሆንም፤ ለሌላ ሥራ ግን ይውላል።

በሌላ በኩል ፈጽሞ ደግመው ሊጠቀሙባቸው የማይገቡ ዕቃዎች አሉ። የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት መያዣ ምንም ያህል ቢታጠብ ለውኃ፣ ለወተት፣ ለጠላ ወይም ለዘይት አይሆንም። መርዙ በላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይቀራልና። በመድኃኒት የታሸ ምርጥ ዘር የመጣበት ከረጢትም ለእህልም ሆነ ለዱቄት አይውልም። ትክክለኛው አሠራር መያዣውን ባዶ እንደሆነ ወዲያውኑ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ ያለቀለቁበትን ውኃ መርጫው ውስጥ ጨምሮ እዚያው ማሳ ላይ መርጨት፣ ከዚያም ዕቃውን በስቶ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ለሚሰበስብ አካል ማቆየት ነው። ወንዝ ዳር መጣል ወይም ቤት ማቃጠል አይገባም።

መንግሥትም በጉዳዩ ላይ ሕግ አውጥቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በጣም ስስ የሆኑትን፣ ይኸውም እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውንና የማይበሰብሱትን ፌስታሎች ይከለክል ነበር። አዋጁ ቢኖርም ፌስታል ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ክልከላውን አጥብቆታል። ሆኖም ሕግ ብቻውን ዘምቢል አይሰፋም፤ ምትክ የሚሆነውን ዕቃ በየገበያው ማቅረብ የሁሉም ድርሻ ነው።

ከዚህ አንጻር ዩኒየኑና መሠረታዊ ማኅበራቱ ሊሠሯቸው የሚችሉ አራት ነገሮች አሉ፦

1ኛ. በማኅበራት ሱቆች አባላት ዘምቢል፣ ጆንያና ጀሪካን ይዘው እንዲመጡ ማድረግ፤ የአካባቢው ሴቶች የሚሠሩትን ዘምቢልና ቅርጫትም በሱቁ መሸጥ፤

2ኛ. ንጹሕ ጆንያዎችን ከአባላት መልሶ መረከብ፣ የተቀደደውን አስጠግኖ ለቀጣዩ ምርት ማቅረብ፤

3ኛ. መድኃኒት የሚሸጥ ማኅበር ባዶ መያዣውን የሚረከብበት የተቆለፈ ቦታ ማዘጋጀት፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም በአወጋገዱ ላይ እንዲያግዝ ማድረግ፤

4ኛ. ከብት ወደ ገበያ ቦታው ሳይሰማራ፣ በገበያ ማግስት ፌስታሉን በጋራ መልቀም።

እነዚህ ሥራዎች ከማኅበራት ዓላማ ውጭ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ባጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው ማኅበራት ለሚኖሩበት ኅብረተሰብ እንዲያስቡ የሚጠይቅ ነው። አንድ አባወራ ብቻውን ፌስታል ቢለቅም የጎረቤቱ ፌስታል ወደ በሬው ይመጣል። አባላት በሙሉ ሲነሡ ግን ግጦሹ ይጸዳል። ኃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከምርቱና ከትርፉ ሪፖርት ጎን ስንት ጆንያ ተመልሶ አገለገለ፣ ስንት የመድኃኒት መያዣ ተሰበሰበ የሚለውም ይቅረብ።

መልካም በዓል!