ኳስና ትምህርት ይጣላሉን?



ከብዙ ወላጆች የምንሰማው አንድ ቅሬታ አለ። «ልጄ ከትምህርት ቤት እንደመጣ ቦርሳውን ጥሎ ወደ ኳስ ሜዳ ይሮጣል። ለመሆኑ ኳስ እንጀራ ይሆነዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን እንድታገኙ የሚረዳ የአንድ አሜሪካዊ አሠልጣኝ ታሪክ ዛሬ እንነግራችኋለን።

ክላረንስ ጌይንስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 ኬንታኪ ውስጥ ፓዱካ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። በልጅነታቸው ዘመን የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ከቤተሰባቸው ርቀው ባልቲሞር ወደሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ፣ ወደ ሞርጋን ስቴት ሄዱ። ሰውነታቸው ግዙፍ በመሆኑ «ትልቁ ቤት» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው፤ በአሜሪካኖች እግር ኳስም ስመ ጥር ተጫዋች ሆኑ። ይሁን እንጂ ኳሱን እየተጫወቱ ኬሚስትሪ ይማሩ ነበር። በ1945 ሲመረቁ ሐሳባቸው የጥርስ ሐኪም መሆን ነበር።

የኮሌጁ አሠልጣኝ ግን በሰሜን ካሮላይና ዊንስተን-ሴለም ከተማ ባለ አነስተኛ የመምህራን ኮሌጅ ረዳት አሠልጣኝ እንዲሆኑ መከሯቸው። በ1946 ዋናው አሠልጣኝ ሲለቁ ሥራው ሁሉ በእርሳቸው ላይ ወደቀ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ፤ እግር ኳስም ቅርጫት ኳስም ያሠለጥናሉ፤ የተጎዳ ተጫዋች ይረዳሉ፤ የመግቢያ ትኬት እንኳ ይቆጣጠራሉ። እንዲህም ሆኖ ትምህርት አላቆሙም፤ በ1950 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ።

በ1967 የቅርጫት ኳስ ቡድናቸው 31 ጨዋታ አሸንፎ፣ በአንድ ብቻ ተሸንፎ፣ የአነስተኛ ኮሌጆችን ብሔራዊ ዋንጫ ወሰደ። በዚያ የኮሌጆች ማኅበር ውድድር የቅርጫት ኳስ ዋንጫ ያገኘ የመጀመሪያው የጥቁሮች ኮሌጅ ይህ ነበር። ጌይንስ 47 የውድድር ዘመን አሠልጥነው፣ 828 ጨዋታ አሸንፈው በ1993 ጡረታ ወጡ። ያረፉት በ2005 ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጌይንስ በኮሌጅ የተጫወቱት ጥቂት ዓመት ነው፤ የሠሩት ግን ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ነው። ጉልበት ያልቃል፤ አንድ ቀን የተጎዳ ጉልበት የወጣቱን ጨዋታ ሊያስቆም ይችላል። የኮሌጁን በር የከፈተላቸው ኳስ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ መምህርና ኃላፊ ያደረጋቸው ትምህርት ነው።

እዚህ በእስራኤልም ማሠልጠን የተማረ ሰው ሙያ ነው። በ1988 የወጣው የስፖርት ሕግ አሠልጣኝ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ያዛል። በናታኒያ አጠገብ የሚገኘው የዊንጌት ተቋም አሠልጣኞችንና የስፖርት መምህራንን በማሠልጠን የታወቀ ነው። ስሙ ለሽማግሌዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ በ1941 ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ሆኖ ጣልያንን የወጋው እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ነው።

እንግዲህ ልጃችሁን ከሜዳ አትከልክሉት፤ ዝም ብላችሁም አትተዉት። አንድ ቀን ልምምዱ ወዳለበት ሂዱና አሠልጣኙን ጠይቁ። የምስክር ወረቀት አለው ወይ? ልምምዱ በሳምንት ስንት ቀን ነው? ስንት ሰዓት ያልቃል? ጨዋታው በሰንበት ይውላል ወይ? ዕብራይስጥ ገና ከሆነባችሁ፣ ቋንቋ የሚችል ጎረቤት ወይም ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። የክፍሉን መምህርም ስለ ትምህርቱ ጠይቁ። ከዚያ ከልጃችሁ ጋር ተስማሙ፤ የቤት ሥራው ይቀድማል፣ ኳሱ ይከተላል። ሴት ልጅ ብትሆንም ስምምነቱ ያው ነው።