ስለ አቧራና ስለ ኮምፒዩተር ማራገቢያ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ ታላላቁን ነገር ለሌሎች ትቼ ስለ አንድ ትንሽ ወንፊት ልነግራችሁ ተነሥቻለሁ። ይኸውም በኮምፒዩተር ሣጥን ላይ፣ በማራገቢያው ፊት የሚገጠመው የአቧራ ማጣሪያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለከፊሎቹ ተፈታኞች በኮምፒዩተር መሰጠቱን ታስታውሳላችሁ። እንግዲህ አንድ ኮምፒዩተር በሥራ መካከል ድርግም ሲል የሚጎዳው ዕቃው ብቻ አይደለም።

ብዙ ሰዎች «አዲስ አበባ ብርዳም አገር ናት፤ እዚህ ኮምፒዩተር በሙቀት አይጎዳም» ሲሉ እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች አየርዋ ስስ ነው፤ ክብደቱ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ማራገቢያው እዚህም እዚያም እኩል ቢሽከረከር፣ እዚህ የሚነፋው አየር ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ የሰጠንን ከፍታው በከፊል ይወስድብናል ማለት ነው።

አደባባያችን በስምዋ የተጠራችው አገር ዋና ከተማ፣ ሜክሲኮ ሲቲም፣ እንዲሁ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ሜክሲኮ በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ ተቃውማ ስለ ቆመችልን አደባባዩ በስምዋ ተሰየመ፤ እነርሱም በበኩላቸው ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይ አላቸው። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. ማራቶንን ያሸነፈው በዚያ ስስ አየር ነው። ማሞ ግን በስስ አየር ያደገ ሳንባ ነበረው፤ ማራገቢያ አየሩን አይለምድም።

በዚህ ላይ አቧራው ይጨመራል። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ በሜክሲኮ ዙሪያ መኪናው የሚያስነሣውን ሁላችሁም በጫማችሁ ላይ ታዩታላችሁ። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ቤቶች በፈረሱ ጊዜም የግድግዳው ብናኝ በየመስኮቱ ይገባ ነበር። የቤታችን የምንጣፍ ክር፣ የከሰልና የዕጣን ጢስ ሲቀላቀልበት ደግሞ አቧራው ይጣበቃል። (ቡናው ይቅር ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ ኮምፒዩተሩ ከረከቦቱ ራቅ ይበል እንጂ።) ይህ ሁሉ ሙቀት በሚያስተነፍሰው ብረት ቅጠሎች መካከል ገብቶ እንደ ጋቢ ያለብሰዋል። ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ ካልበቃውም ኮምፒዩተሩ ይጠፋል። ባለቤቱ ግን «ቫይረስ ገባበት» ይላል፤ ወይም አርጅቷል ብሎ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ይሰበስባል። በክፍላችን ጥግ ተጥሎ የነበረውን አንዱን በመምህራችን ፈቃድ ከፍተን አቧራውን አራግፈን ማጣሪያ ስንገጥምለት እስከ ዛሬ ይሠራል።

ማጣሪያ የሚገጠመው አየር በሚያስገባው ማራገቢያ ላይ ብቻ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሣጥኑ ፊት ወይም ሥር ይገኛል። በሚያስወጣው ላይ መግጠም ሙቀቱን ማፈን ነው። የትኛው እንደሚያስገባ ለማወቅ ቀጭን ክር ማስጠጋት ይበቃል፤ ክሩ ወደ ውስጥ ከተሳበ ያስገባል ማለት ነው። ክሩ ግን ጫፉ ከክንፎቹ እንዳይጠመጠም አጭር ይሁን። ባለ 12 ሴንቲሜትር ማራገቢያ የራሱን ልክ ማጣሪያ ይፈልጋል። የሚሸጥ ባይገኝ ከሴቶች ስስ ናይለን ካልሲ ቆርጦ መወጠር ይቻላል፤ አቡጀዲ ግን አየር ስለሚያግድ አይሆንም። ከውጭ በኩል የሚለጠፈውን እኔ እመርጣለሁ፤ ለማጠብ ሣጥኑን መክፈት አያስፈልግምና። ደግሞም የሚያስገቡት ከሚያስወጡት ቢበልጡ ጥሩ ነው፤ የሚያስወጡት ከበረቱ ሣጥኑ በየስንጥቁ ያልተጣራ አየር እየማገ አቧራውን በጓሮ በር ያስገባል።

ሆኖም ማጣሪያ ገጥሞ መርሳት ካለመግጠም ይብሳል። ወንፊቱ ሲደፈን አየር የሚገባበት የለምና። በበጋ በየወሩ፣ በክረምት በየሁለት ወሩ ቢታጠብ ለሰፈራችን ይበቃል ብዬ እገምታለሁ። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ማጥፋትና ገመዱን ከሶኬቱ መንቀል ነው። ማጣሪያውን ከደጅ አራግፎ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጥቦ በጥላ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ሆኖ ወደ ቦታው አይመለስም። እስኪደርቅም ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይቆይ። የማራገቢያውን ክንፎች በለስላሳ ብሩሽ ስንጠርግ፣ ይልቁንም በብሎወር ስናስነፋ፣ ክንፉን በጣት መያዝ ይገባል፤ በነፋሱ ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ መዞሪያው ይጎዳል።

እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ፈተናችንን ጨርሰን ስንሄድ ይህ ሥራ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ያልፋል። ብሩሹ፣ ብሎን መፍቻውና ሁለት ትርፍ ማጣሪያዎች በኮምፒዩተር ክፍሉ በመምህሩ ጠረጴዛ፣ በሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ናቸው። የታጠበበት ቀን የሚጻፍበት ደብተርም እዚያው አለ።