በእርሳስ ላይ የተጻፈ ስም



ዛሬ የምንነጋገረው በእንግሊዝ አገር ስላለ አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ነው። «የሩቅ አገር ቤተ ክርስቲያን ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ትንሽ ታገሡን። ነገሩ ፊደልን የሚመለከት ነው።

በርፎርድ ትንሽ ከተማ ናት። የነዋሪዋ ቁጥር 2,000 አይሞላም። ዋናው መንገዷ ከኮረብታ ቁልቁል ይወርድና ዊንድረሽ ከሚባል ወንዝ ይደርሳል። ከወንዙ አጠገብ የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። የአጥቢያው ሕዝብ ልጁን ክርስትና የሚያስነሣው፣ የሚዳረው፣ የሚቀበረውም በዚያው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አንግሊካን ከሚባለው ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወገን ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሮማው ጳጳስ የተለየችው በ1534 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ነው። የዓመቱን ቁጥር ሁሉ የምንናገረው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። ሕንፃው ግን ከዚያም በፊት ነበረ። የግንቡ ማማ ከተሠራ ከ800 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ለዚህች ትንሽ ከተማ ይህን የሚያህል ሕንፃ ከየት መጣላት? ከበግ ነው። በዙሪያው ያሉት የኮትስዎልድ ኮረብቶች ጥንት በበግ የታወቁ ነበሩ። እረኛው በጉን ይጠብቃል፤ ገበሬው ጸጉሩን ይሸልታል፤ ነጋዴው ወደ ባሕር ማዶ ሳይቀር ይሸጣል። ነጋዴውም ካተረፈው ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። እንዲህ እየተባለ ቤተ ክርስቲያኑ እየሰፋ፣ ማማውም እየረዘመ ሄደ። በግቢው ውስጥ የሀብታም ነጋዴዎች የድንጋይ መቃብሮች አሉ። የአንዳንዶቹ ክዳን የታሰረ የበግ ጸጉር ይመስላል። የነጋዴዎቹ ስም ተጽፎ ቀርቷል። የእረኞቹ ስም ግን የለም። ማን ይጻፍላቸው?

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። አንድ በጣም ትልቅና ያጌጠ ሐውልት ይታያል። ሰር ሎረንስ ታንፊልድ የሚባሉ፣ በ1625 የሞቱ ዳኛ መቃብር ነው። እኚህ ሰው የከተማውን ባለርስትነት ገዝተው፣ የበርፎርድ ነጋዴዎች ከጥንት ጀምሮ የነበራቸውን ራሳቸውን የማስተዳደር መብት በፍርድ አስነጠቋቸው። ስለዚህ ሕዝቡ አይወዳቸውም ነበር። ሲሞቱ ሚስታቸው ብዙ ገንዘብ አውጥተው ይህን ሐውልት አሠሩላቸው። ባልና ሚስቱ በድንጋይ ተቀርጸው ጎን ለጎን ተኝተዋል። ከበታቻቸው ደግሞ አጽም ተቀርጿል። ሀብታምም ድኻም መጨረሻው ይኸው ነው ለማለት ነው።

ሐውልቱን እንተወውና ወደ መጠመቂያው ገንዳ እንሂድ። ገንዳው ከድንጋይ የተሠራ ሲሆን ውስጡ በእርሳስ ተለብጧል። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን እንጨት ማለታችን አይደለም፤ ለስላሳውን ብረት ማለታችን ነው። በዚያ እርሳስ ላይ አንድ ሰው በስለት ጭሮ ጽፏል። ጽሑፉ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንቶኒ ሴድሊ 1649 እስረኛ» የሚል ነው። ሌላ ምንም የለውም። የእኛ እርሳስ መጻፊያ ነው፤ የዚህ ሰው እርሳስ ግን ደብተሩ ነበር።

አንቶኒ ሴድሊ ለምን ታሰረ? ወታደር ነበር። ከ1642 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በንጉሡና በምክር ቤቱ መካከል ጦርነት ተነሥቶ ነበር። የምክር ቤቱ ጦር አሸነፈ። በ1649 መጀመሪያ ላይ ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በሞት ተቀጡ። በዚያ ዘመን በእኛ አገር ዐፄ ፋሲለደስ በጎንደር ነግሠው ነበር።

ታዲያ ጦርነቱን ያሸነፉት ወታደሮች ምን አገኙ? ውዝፍ ደመወዛቸው አልተከፈለም። ወደ አየርላንድ ዝመቱ ተባሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ «ሌቭለርስ» ከተባሉት ሰዎች ጋር በሐሳብ ይስማሙ ነበር። ትርጉሙ «አስተካካዮች» እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጡላቸው ጠላቶቻቸው ናቸው። እነሱ ግን የሚሉት ሕግ ለሁሉም እኩል ይሁን፣ ሰው በሃይማኖቱ አይገደድ፣ የምክር ቤት አባል የመምረጥ መብት ለባለርስት ብቻ አይሁን ነበር።

በግንቦት ወር 1649 እነዚህ ወታደሮች አለቆቻቸውን አንታዘዝም ብለው በርፎርድ ደረሱ። ክሮምዌልና ፌርፋክስ የሚባሉት የጦር አለቆች በሌሊት ደርሰው በተኙበት ከበቧቸው። 340 ያህል ሰዎች ተያዙ። ይህን ሁሉ ሰው የሚይዝ እስር ቤት ከየት ይመጣል? ከቤተ ክርስቲያኑ አስገብተው ቆለፉባቸው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በዚያ ቆዩ። የሚገደለው ማን እንደሆነ አይታወቅም። እንግዲህ አስቡት! ሴድሊ ስሙን የጻፈው በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ ነው።

ግንቦት 17 ቀን ቶምሰን፣ ፐርኪንስና ቸርች የሚባሉ ሦስት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር በጥይት ተገደሉ። የቀሩት እስረኞች ጣሪያው ላይ ወጥተው እንዲያዩ ተደረገ ይባላል። ከዚያ ምሕረት ተደረገላቸው። የጠየቁት ግን ወዲያው አልተገኘም። በእንግሊዝ አገር ወንዶች ሁሉ ለማለት ይቻላል የመምረጥ መብት ያገኙት በ1918 ነው። ሴቶች ከወንዶች እኩል የመረጡት በ1928 ነው። ከ1649 እስከ 1928 ስንቆጥር 279 ዓመት ይሆናል። ዛሬ የሦስቱ ስም በግድግዳው ላይ ተጽፏል። ከ1975 ጀምሮም በግንቦት ወር ሰዎች በበርፎርድ እየተሰበሰቡ ያስቧቸዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። በ1876 ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ፣ ዊልያም ሞሪስ የሚባል የእጅ ሙያ አዋቂና ደራሲ አይቶ አዘነ። አሮጌው እየተፋቀ በአዲስ ይተካ ነበርና። የደብሩን ካህን ቢነቅፋቸው፣ «ቤተ ክርስቲያኑ የእኔ ነው» ብለው መለሱለት ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1877፣ ሞሪስ ከጓደኞቹ ጋር ጥንታዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋመ። የሞሪስ ሐሳብ ቀላል ነው። የቆየ ነገር ይጠገን እንጂ አይፋቅ። እውነት ነው። ያ አሮጌ እርሳስ ተነቅሎ በአዲስ ቢለበጥ ኖሮ፣ የሴድሊ ስም አብሮ በጠፋ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሴድሊ የጻፈው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ማን? አንቶኒ ሴድሊ። መቼ? በ1649። በምን ሁኔታ? እስረኛ። «እስረኛ» የሚለውን ቃል ሲጽፍ በቋንቋው አንድ ፊደል ገድፏል። ይሁንና ከ370 ዓመት በላይ አልፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ስለዚህ «እሳሳት ይሆናል» ብላችሁ መጻፍ አትፍሩ። የገደፈ ጽሑፍ ይነበባል፤ ያልተጻፈ ግን አይነበብም።

ገንዘብ ስታበድሩ፣ የዕድር መዋጮ ስትከፍሉ፣ ስለ መሬት ስትዋዋሉ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ማን? መቼ? ምን? ብላችሁ ጻፉ። ቃል ይረሳል፤ ምስክርም ይሞታል። የጽሑፍ ዕድሜ ግን ረጅም ነው። የሽማግሌዎቻችሁንም ስምና ታሪክ ጠይቃችሁ መዝግቡ። የደብራችሁን ወይም የመስጊዳችሁን ግድግዳ ግን አደራ አትጫሩ! እናንተ ደብተር አላችሁ።