ከቤቱ ጀርባ የተቀመጠችው



በአንትሮፖሎጂ ተመርቄ ቤት ስገባ አባቴ፣ «ልጄ፣ ይሄ ትምህርት የት ነው የሚያስቀጥረው?» አሉኝ። ዛሬም ወደዚህ ምረቃችሁ ይህን ጥያቄ በልቡ ይዞ የመጣ ወላጅ አይጠፋም። እኔን የቀጠረኝ እግር ነው።

ዝሆኔን፣ ይህን እግር የሚያሳብጥ ሕመም፣ የማያውቅ ጎጃሜ የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ዞሮ፣ 15 ዓመት ከሞላቸው 51,017 ሰዎች መካከል 1,704 ታማሚዎች አግኝቷል። የጎጃሙ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ከመርገጥ የሚመጣ ነው።

እኔም ስለ ዝሆኔ መጠይቅ ይዤ ስዞር አንድ አባት፣ «እኛ ቤት የለም» አሉኝ። እኔም «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ስወጣ ከቤቱ ጀርባ አንዲት ሴት እግሯን በነጠላ ሸፍና ተቀምጣለች። ለካ ለታናሽ እህቷ ሽማግሌ ሊላክ ነው። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል፤ ዝሆኔ ያለበት ቤት ደግሞ «ዘራቸው ነው» ይባላል።

አላን ሆበን የተባለው አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዳሞት ላይ ርስት በእናትም በአባትም ወገን እየተቆጠረ እንዴት እንደሚጠየቅ ጽፏል። ክፍል ውስጥ አንቀላፍቼበታለሁ፤ መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ። የዚያን ቀን ግን ገባኝ፦ መሬት የሚያስገኘው ቆጠራ ባልም ያስቀራል።

«የዘር አይደለም» ብሎ መስበክም አያዋጣም። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት፣ ለአፈሩ ይበልጥ የሚያጋልጥ የዘረመል ልዩነት አለ። ታዲያ ዘረመሉን ለማጥናት ሲያስቡ ወላይታ ላይ ቤተሰቦችን ቀድመው አነጋግረዋል፤ ጥናቱ ራሱ «ዘራቸው ነው» የሚለውን ስም እንዳያጸናባቸው። ከላቦራቶሪው በፊት ቤተሰብ የሚነጋገርባት ወንበር የእናንተ፣ የአንትሮፖሎጂ ተመራቂዎች፣ ናት።

ሕክምናውማ ቀላል ነው። አነደድ ወረዳ ላይ በ696 ታማሚዎች በተደረገ ሙከራ፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ የሕመሙን መነሣት ቀንሰዋል። ግን የተደበቀ እግር ማን ያጥበዋል?

ወደዚያ ቤት ተመለስኩ። መጠይቁን ቦርሳዬ ውስጥ ትቼ፣ «አባባ፣ ለእግር መታጠቢያ የሚሆን ውኃ ከየት ነው የምትቀዱት?» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩና፣ «ከምንጩ ነው። ታናሿ ናት የምትቀዳላት» አሉኝ።